ጄሪማንደሪንግ ምንድን ነው? ስሙ የተለጠፈበት አገረ ገዥስ ማን ነበር?

እ.ኤ.አ. በ1812 ጸደይ የማሳቹሴትስ መራጮች አገረ ገዥያቸውንና የግዛቲቱን ሴኔት አባላት መረጡ። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መራጩ ያው፣ ወቅቱ ያው፣ የሚፎካከሩት ሁለት ፓርቲዎችም ያው ነበሩ። ውጤቱ ግን ለየቅል ሆነ። የመላ ግዛቲቱ ድምፅ አንድ ላይ ተደምሮ በሚቆጠርበት የአገረ ገዥነት ፉክክር፣ በሥልጣን ላይ የነበረው ኤልብሪጅ ጌሪ በጠባብ ልዩነት ተሸነፈ። ድምፁ በየምርጫ ክልሉ ተቆራርሶ በሚቆጠርበት የሴኔት ምርጫ ግን የጌሪ ፓርቲ ከ40 መቀመጫዎች 29ኙን ጠቀለለ። በድምፅ ስለበለጠ አይደለም። ለፓርቲው የሴኔት ዕጩዎች የተሰጠው ድምፅ 50,164 ሲሆን፣ ተቃዋሚዎቹ ፌዴራሊስቶች 51,766 ድምፅ አግኝተው የደረሳቸው 11 መቀመጫ ብቻ ነው።

ይህን ልዩነት የፈጠሩት ከምርጫው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ በካርታ ላይ የተሰመሩ መስመሮች ናቸው። መስመሮቹን ያወጣው የጌሪ ፓርቲ የሚቆጣጠረው ምክር ቤት ነው፤ ፈርሞ ሕግ ያደረጋቸው ደግሞ ጌሪ ራሱ። ፊርማው ለፓርቲው ሴኔቱን አተረፈለት፤ ለእሱ ግን ወንበሩን አላዳነለትም፤ ስሙን ደግሞ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ለሚነገር ነቀፌታ ሰጠው።

ጄሪማንደሪንግ ማለት አንድ ፓርቲ ወይም አንድ ወገን እንዲጠቀም፣ ሌላው እንዲጎዳ ታስቦ የምርጫ ክልሎችን ወሰን ማስመር ነው። ከተራ የምርጫ ማጭበርበር ጋር መምታታት የለበትም። እዚህ ኮሮጆ አይገለበጥም፣ ከመዝገብ ስም አይፋቅም፣ ቆጠራው አይዛባም። ሁሉም ሰው የፈለገውን ይመርጣል፤ ድምፁም በትክክል ይቆጠራል። አስቀድሞ የሚወሰነው የእርስዎ ድምፅ ከማን ድምፅ ጋር አብሮ እንደሚቆጠር ነው። ነገሩን አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ የምርጫው ቀን ሲደርስ ታዛቢ ቢቆም፣ ካሜራ ቢተከል የሚያየው ጥፋት የለም።

አሠራሩን በትንሽ ቁጥር እንየው። 25 መራጮች አሉ እንበል፤ 15ቱ የፓርቲ ሀ፣ 10ሩ የፓርቲ ለ ደጋፊዎች ናቸው። እነዚህን ሰዎች አምስት አምስት እያደረግን በአምስት የምርጫ ክልል እንከፍላቸዋለን፤ በእያንዳንዱ ክልል ብዙ ድምፅ ያገኘ መቀመጫውን ይወስዳል። ካርታውን የምናወጣው እኛ የፓርቲ ለ ሰዎች ብንሆን ምን እናደርጋለን? በሦስት ክልሎች ውስጥ ከራሳችን ሦስት ሦስት ሰው፣ ከእነሱ ሁለት ሁለት ሰው እናስገባለን። ሦስቱንም 3 ለ 2 እናሸንፋለን። የቀሩትን ዘጠኝ የሀ ደጋፊዎችና አንዱን የእኛን ሰው በሁለቱ ክልሎች እናጭቃቸዋለን። እነሱ ሁለቱን በሰፊ ልዩነት ያሸንፉ፤ ግድ የለንም። ከመቶ 40 ብቻ የሆንነው እኛ ከአምስት መቀመጫ ሦስቱን ይዘን ወጣን።

የካርታ ሥራው ጥበብ በአጠቃላይ ከእነዚህ ከሁለቱ አይዘልም። አንዱ ማጨቅ ነው፤ የተቃዋሚን ደጋፊዎች በጥቂት ክልሎች አፍኖ፣ ለማሸነፍ ከሚያስፈልጋቸው በላይ የሆነው ድምፃቸው እንዲባክን ማድረግ። ሌላው መበተን ነው፤ አንድ ላይ ቢሆኑ አንድ መቀመጫ የሚያገኙትን ሰዎች በየክልሉ እየቆራረጡ ሁሉም ዘንድ አናሳ ማድረግ። ተንኮሉ የሚሠራው አንድ ክልል አንድ አሸናፊ ብቻ በሚልክበት ሥርዓት ሲሆን ነው። እስራኤልን ብንወስድ፣ ለ120ዎቹ የክኔሴት መቀመጫዎች መላ አገሪቱ አንድ የምርጫ ክልል ስለሆነችና መቀመጫው የሚከፋፈለው በድምፅ ድርሻ ስለሆነ፣ የሚያስመርበት ሰው ቢገኝ እንኳ የሚሰመር መስመር የለም። በአሜሪካ ግን መስመር አለ። መስመሩን የማስመር ሥልጣን ደግሞ በአብዛኞቹ ግዛቶች የተሰጠው በዚያው መስመር ለሚመረጡት የምክር ቤት አባላት ነው።

ጌሪ ማን ነበር?

ነቀፌታው የወደቀበት ሰው የተራ ካድሬ ዓይነት አልነበረም። ኤልብሪጅ ጌሪ በ1744 ማርብልሄድ በምትባል የማሳቹሴትስ የዓሣ አጥማጆች ወደብ ተወለደ። ቤተሰቡ ደረቅ ኮድ ዓሣ ወደ ስፔንና ወደ ካሪቢያን ደሴቶች እየላከ የከበረ ነጋዴ ነበር። በሃርቫርድ ተምሮ ወደ አባቱ ንግድ ተመለሰ፤ ከዚያም በ1772 ለቅኝ ግዛቲቱ ምክር ቤት ሲመረጥ ከሳሙኤል አዳምስ ጋር ተዋወቀና የእንግሊዝን አገዛዝ ከሚቃወሙት ወገን ሆነ።

ገና በጅምሩ አንድ ነገር ደረሰበት፤ ጠባዩን ለማወቅ ስለሚረዳ ልጥቀሰው። እሱና ጥቂት ጓደኞቹ ለፈንጣጣ ክትባት የሚሆን ሆስፒታል ከማርብልሄድ ወደብ ፊት ለፊት ባለች ደሴት ላይ አቋቁመው ነበር። የከተማው ሰው በሽታው ይዛመትብናል ብሎ ፈራ፤ በ1774 መጀመሪያ ላይ የተቆጡ ሰዎች ሆስፒታሉን አቃጠሉት። ጌሪ ክፉኛ አዝኖ ለጊዜው ከፖለቲካው ራቀ። የሕዝብን መብት ሲሟገት ኖሮ የሕዝብን ግርግር ሲፈራ የኖረ ሰው ነው፤ ሁለቱ ስሜቶች ዕድሜ ልኩን አልተለያዩትም።

ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ለሚዋቀረው ጦር ስንቅና ባሩድ ከሚያዘጋጁት አንዱ ሆነ። ኤፕሪል 18 ቀን 1775 ሌሊት፣ የእንግሊዝ ወታደሮች ከቦስተን ተነሥተው ወደ ሌክሲንግተንና ኮንኮርድ ሲገሰግሱ፣ ጌሪ ከሁለት የማርብልሄድ ጓደኞቹ ጋር ሜኖቶሚ በምትባል መንደር ብላክ ሆርስ በተባለ ማደሪያ ቤት ተኝቶ ነበር። ማደሪያው ያለው ወታደሮቹ በሚያልፉበት መንገድ ዳር ነው። ሦስቱ ሰዎች በሌሊት ልብሳቸው በጓሮ ሮጠው አዝመራው በተነሣ የበቆሎ ማሳ ውስጥ በሆዳቸው ተኙ። ሌሊቱ ብርድ ነበር። ከሦስቱ አንዱ፣ ባለጠጋው ነጋዴ ጀረማያ ሊ፣ ታሞ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ሞተ። ጌሪ ተረፈና በማግስቱ ዓመት የነፃነት መግለጫውን ከፈረሙት አንዱ ሆነ። በዚያው በ1776 ጆን አዳምስ ለወዳጁ ሲጽፍ፣ እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ጌሪን ቢሆን ኖሮ የአሜሪካ ነፃነት ከምድርም ከሲኦልም ደጆች በተጠበቀ ነበር ብሏል።

በ1787 ፊላደልፊያ ላይ ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅ ጌሪ እዚያ ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት በምዕራብ ማሳቹሴትስ በዕዳ የተማረሩ ገበሬዎች በዳንኤል ሼይስ ስም የሚጠራውን አመፅ አንሥተው ነበርና፣ ጌሪ የምናየው መከራ ሁሉ ምንጩ የዴሞክራሲ መብዛት ነው ብሎ ተናገረ። በዚያው አንደበቱ ደግሞ የሚቋቋመው ማዕከላዊ መንግሥት ሥልጣኑ በዝቷል፣ የዜጎች መብት በጽሑፍ አልተጠበቀም ብሎ ተከራከረ። ሴፕቴምበር 17 ቀን ሌሎቹ ተሰልፈው ሲፈርሙ፣ እሱና ሁለቱ ቨርጂኒያውያን ጆርጅ ሜሰንና ኤድመንድ ራንዶልፍ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው አንፈርምም አሉ። ኋላ በስሙ የተሰየመው ነውር ከአንድ ፊርማ የመጣ ስለሆነ፣ ቀድሞ በእምቢታ የታወቀ ሰው መሆኑ ይገርመኛል።

በዚያው ጉባኤ፣ ኦገስት 1787፣ ጄምስ ማዲሰን የግዛት ምክር ቤቶች የምርጫን ደንብ የማውጣት ሥልጣን ካገኙ የሚፈልጉት ዕጩ እንዲያሸንፍ አድርገው ደንቡን ይቀርጹታል ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ራሱ ላይ ደረሰ። በቨርጂኒያ የፓትሪክ ሄንሪ ወገኖች ማዲሰን ለመጀመሪያው ኮንግረስ እንዳይመረጥ፣ መኖሪያ አውራጃውን ሕገ መንግሥቱን ከሚቃወሙ አውራጃዎች ጋር አጣምረው አንድ የምርጫ ክልል አደረጉበት፤ ጄምስ ሞንሮንም አቆሙበት። ማዲሰን ግን በ1789 አሸነፈ። እንግዲህ ተንኮሉ ከጌሪ ፊርማ ሃያ ዓመት በላይ ይቀድማል፤ ስም ያልወጣለት ነበር እንጂ።

ጌሪ በአዲሱ ኮንግረስ ሁለት ዘመን አገለገለ። በ1797 ፕሬዚዳንት አዳምስ ከቻርልስ ፒንክኒና ከጆን ማርሻል ጋር ወደ ፈረንሳይ ላከው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ የታሌራንድ ሰዎች ድርድር ለመጀመር ጉቦ ጠየቁ፤ ሁለቱ መልእክተኞች ተቆጥተው ሲወጡ ጌሪ ጦርነት ይመጣል ብሎ ፈርቶ ፓሪስ ቀረ። ሲመለስ ፌዴራሊስቶች የፈረንሳይ አሽከር አሉት፤ ምስሉን ሠርተው አቃጠሉት። እስከዚያ ድረስ ከፓርቲ ነፃ ነኝ ይል የነበረው ሰው ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ጄፈርሰን ወገን፣ ወደ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊካኖች አዘነበለ። (ይህ ፓርቲ በ1854 ከተመሠረተው ከዛሬው የሪፐብሊካን ፓርቲ ጋር አንድ አይደለም።)

አገረ ገዥ ለመሆን የሄደበት መንገድ ረጅም ነበር። በ1788 በጆን ሃንኮክ ተሸነፈ። ከ1800 እስከ 1803 በየዓመቱ ተወዳድሮ በየዓመቱ በፌዴራሊስቱ ኬሌብ ስትሮንግ ተሸነፈ፤ በማሳቹሴትስ የአገረ ገዥ ዘመን አንድ ዓመት ብቻ ነበርና ሽንፈቱም ዓመታዊ ሆነ። በመጨረሻ በ1810 ክሪስቶፈር ጎርን አሸንፎ ወንበሩን ያዘ፤ በ1811 ድጋሚ ተመረጠ።

ፊርማው

የመጀመሪያው ዓመት ለዘብ ያለ ነበር። ጌሪ አንድነት ሰበከ፤ ፌዴራሊስት ሹማምንትንም በየቦታቸው ተዋቸው። በሁለተኛው ዓመት ሁሉም ነገር ከረረ። አሜሪካ ከእንግሊዝ ጋር ወደ ጦርነት እያመራች ነበር፤ የቦስተን ነጋዴዎች ደግሞ ንግዳቸው ከእንግሊዝ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ የፌዴራል መንግሥቱን ፖሊሲ በአደባባይ አወገዙ። የበቆሎ ማሳው ሌሊት ትዝ ለሚለው ሽማግሌ ይህ ተራ ተቃውሞ ሆኖ አልታየውም፤ ክህደት ሆኖ ታየው። ፌዴራሊስቶችን ከሥራ ማባረርና በምትካቸው የራሱን ሰዎች መሾም ጀመረ። የቦስተን ጋዜጦችን በስም ማጥፋት ለመክሰስ የሕግ ሹማምንቱ ገጽ በገጽ እንዲመረምሯቸው አደረገ። ምክር ቤቱም በፓርቲው እጅ ነበርና፣ አጋጣሚው እያለ ሴኔቱን ለዘለቄታው ለመያዝ ተነሣ።

የማሳቹሴትስ ሴኔት 40 አባላት ነበሩት፤ እስከዚያ ድረስ የሴኔት የምርጫ ክልሎች በአብዛኛው የካውንቲ (የአውራጃ) ወሰን ተከትለው የሚሄዱ ናቸው። አዲሱ ሕግ ይህን ልማድ ጣሰ። ጌሪ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1812 ፈረመበት። የሕጉ ሐሳብ የእሱ አልነበረም፤ የልጁ ባል ኋላ እንደጻፈው ጉዳዩ እጅግ አላስደሰተውም ነበር። ነገር ግን በ1780ው የማሳቹሴትስ ሕገ መንግሥት አገረ ገዥው አንድን ሕግ አልፈርምም ብሎ ለምክር ቤቱ የመመለስ ሥልጣን ነበረው። በሥልጣኑ አልተጠቀመም። ስለዚህ በስሙ መጠራቱ ግፍ ነው የሚሉትን ሙሉ በሙሉ አልቀበላቸውም። ባይፈጥረውም ማስቆም ይችል ነበር።

ካርታውን እንመልከተው። ኤሴክስ ካውንቲ ከቦስተን በስተ ሰሜን ባሕሩን ተንተርሶ የተቀመጠ ነው። አዲሱ የምርጫ ክልል ከደቡብ ከቼልሲ ይነሣና ሊንን ይዞ፣ በባሕሩ ዳር ያሉትን ማርብልሄድንና ሴለምን ይቀላቅላል። ከዚያ ወደ ውስጥ ይታጠፍና በዳንቨርስና በሚድልተን በኩል አንዶቨር ይደርሳል፤ ወደ ሰሜን ወጥቶ ሜቱዌንንና ሄቨርሂልን ያገኛል፤ እንደገና ወደ ምሥራቅ ይዞርና በሜሪማክ ወንዝ አጠገብ በኤምስበሪ አድርጎ ሳልስበሪ ላይ ተመልሶ ባሕር ይነካል። መሐሉ ላይ ኒውበሪፖርት፣ ኢፕስዊችና ሌሎች የፌዴራሊስት ከተሞች ታጭቀው ቀሩ። የሪፐብሊካኖች ምሽግ የነበረችው ማርብልሄድ፣ የጌሪ የትውልድ ከተማ፣ ከጠመዝማዛው ክልል ውስጥ ናት።

ማርች 26 ቀን 1812 የፌዴራሊስቶች ልሳን የነበረው ቦስተን ጋዜት ይህንኑ ካርታ እንስሳ አድርጎ አወጣው። ሥዕሉ በአብዛኛው ኤልካና ቲስዴል ለተባለ ሠዓሊ ይሰጣል። ሠዓሊው የከተሞቹን ስም በየቦታቸው ትቶ፣ ሳልስበሪ ላይ ጭንቅላት ቀጠለ፣ ጀርባው ላይ ክንፍ ተከለ፣ ከሥር ጥፍር አወጣለት። እንሽላሊት የሚመስለውን ሳላማንደርን ከአገረ ገዥው ስም ጋር አዳቅለው «ጄሪማንደር» አሉት። (የሰውየው ስም ሲጠራ ጌሪ ነው፤ ቃሉ ብቻ ከጊዜ ብዛት ወደ ጄሪ ዞረ።) ሌሎች የፌዴራሊስት ጋዜጦች ሥዕሉን ተቀባበሉት። የታተመበት የእንጨት ቅርጽ ዛሬ ዋሽንግተን በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

ቀጥሎ የሆነው መግቢያው ላይ ያልነው ነው። ፌዴራሊስቶች ኬሌብ ስትሮንግን ከጡረታ ጠርተው አቆሙት፤ ያ የቀድሞ አሸናፊው ጌሪን እንደገና ጣለው። የተወካዮች ምክር ቤቱም ወደ ፌዴራሊስቶች ዞረ። ሴኔቱ ብቻ በመስመሮቹ ታጥሮ በጌሪ ፓርቲ እጅ ቆየ። ግን ለአንድ ዓመት ነው የቆየው፤ በ1813 ፌዴራሊስቶች ሴኔቱንም አሸንፈው ሕጉን ሻሩት። የመጀመሪያው ጄሪማንደር ዕድሜው ይህን ያህል አጭር መሆኑ ብዙ አይነገርም።

ጌሪ ግን በሽንፈቱ አልተጣለም። ምክትል ፕሬዚዳንት የነበረው ጆርጅ ክሊንተን በኤፕሪል 1812 ሞተ። ፓርቲው በመጀመሪያ የኒው ሃምፕሻየሩን ጆን ላንግደንን መረጠ፤ ላንግደን አርጅቻለሁ ብሎ አልቀበልም ሲል ዕድሉ ለጌሪ ደረሰ። ፕሬዚዳንቱ ማን ነበር? የግዛት ምክር ቤቶች የምርጫ ደንብ ለራሳቸው ይቀርጻሉ ብሎ ያስጠነቀቀው፣ ፓትሪክ ሄንሪ ካርታ ያሰመረበት ጄምስ ማዲሰን። ጌሪ በማርች 1813 ሥልጣን ያዘና ኖቬምበር 23 ቀን 1814 ወደ ሴኔት ለመሄድ በሠረገላ ላይ ሳለ ታሞ በ70 ዓመቱ ሞተ። ሀብቱ አልቆ ዕዳ ነበረበት፤ የቀብሩን ወጪ የሸፈነው ኮንግረስ ነው። የነፃነት መግለጫውን ከፈረሙት ሰዎች ዋሽንግተን ከተማ የተቀበረው እሱ ብቻ ነው።

ከጌሪ በኋላ

የኮንግረስ የምርጫ ክልሎች አንድ ተወካይ ብቻ የሚልኩና ያልተቆራረጡ እንዲሆኑ የፌዴራል ሕግ የወጣው በ1842 ነው። ክልሎቹ በሕዝብ ብዛት እኩል እንዲሆኑ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያዘዘው ደግሞ ዘግይቶ፣ በ1960ዎቹ ነው። ይህ ፍትሐዊ ትእዛዝ ያልታሰበ መዘዝ አመጣ። ሕዝብ ከቦታ ቦታ ስለሚንቀሳቀስ፣ ከየአሥር ዓመቱ የሕዝብ ቆጠራ በኋላ ሁሉም ካርታ እንደገና መሠራት አለበት። ስለዚህ በየአሥር ዓመቱ እስክሪብቶው በሕግ ትእዛዝ ለፖለቲከኞች ይሰጣል።

በዘር ላይ የተሠራው ጄሪማንደሪንግ ከሁሉም የከፋው ነው። በ1957 የአላባማ ምክር ቤት የተስኪጊ ከተማን ወሰን ለወጠ። ከተማዋ ካሬ ነበረች፤ ከለውጡ በኋላ 28 ጎን ያላት ቅርጽ ሆነች። አዲሱ መስመር ወደ 400 ከሚጠጉ ጥቁር መራጮች ከአራት ወይም ከአምስት በቀር ሁሉንም ከከተማዋ ውጭ አደረጋቸው፤ ነጭ መራጭ ግን አንድም አልወጣም። በተስኪጊ ኢንስቲትዩት ያስተምር የነበረው ቻርልስ ጎሚሊየን ክስ መሠረተ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1960 በሙሉ ድምፅ ፈረደለት። ዘርን መሠረት አድርጎ ወሰን መቁረጥ ሕገ መንግሥቱን እንደሚጥስ ከዚያ በኋላ ታወቀ።

ፓርቲን መሠረት ያደረገውስ? እዚህ ላይ ፍርድ ቤቱ ለአሥርተ ዓመታት ሲያመነታ ቆይቶ ጁን 27 ቀን 2019 በ5 ለ4 ወሰነ፤ ጉዳዩ ፖለቲካዊ ነው፣ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች መለኪያ የላቸውም፣ አንዳኝም። የቀረቡት ሁለት ካርታዎች ነበሩ፤ አንዱ የሪፐብሊካኖች፣ አንዱ የዴሞክራቶች። በሰሜን ካሮላይና ካርታውን ከመሩት የምክር ቤት አባላት አንዱ፣ ካርታው ለ10 ሪፐብሊካንና ለ3 ዴሞክራት እንዲሆን ሐሳብ የማቀርበው 11 ለ2 ማድረግ የሚቻል ስላልመሰለኝ ነው ብሎ በአደባባይ ተናግሯል። በ2016 የተገኘው ውጤትም ልክ 10 ለ3 ነው። ያኔ ቦስተን ላይ ጋዜጣው አውሬ ሥሎ ያጋልጠው የነበረውን፣ ዛሬ ባለቤቶቹ ራሳቸው በማይክሮፎን ይናገሩታል።

ሁለተኛው ካርታ ለብዙ አበሻ ቅርብ ነው፤ የሜሪላንድ ነውና። በ2011 የግዛቲቱ ዴሞክራቶች በምዕራብ ያለውን ስድስተኛውን የኮንግረስ ክልል ወስደው፣ ከገጠሩ ሪፐብሊካኖችን አውጥተው፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ከሞንትጎመሪ ካውንቲ ዴሞክራቶችን ቀላቀሉበት። በክልሉ የተመዘገቡ ሪፐብሊካኖች በ66,000 ገደማ ሲቀንሱ፣ ዴሞክራቶች በ24,000 ገደማ ጨመሩ። ሃያ ዓመት ወንበሩን ይዞ የኖረው ሪፐብሊካን በ2012 ተሸነፈ። አገረ ገዥው ማርቲን ኦማሊ በኋላ ቃለ መሐላ ፈጽሞ ሲጠየቅ፣ ዓላማው ሕዝቡ ከሪፐብሊካን ይልቅ ዴሞክራት የሚመርጥበት ክልል መፍጠር እንደነበረ አልካደም።

የ1812ቱ ሁለት ፊት ያለው ውጤት ከሁሉ በላይ ተመሳስሎ የታየው በዊስኮንሲን ይመስለኛል። በ2018 ሪፐብሊካኑ አገረ ገዥ ስኮት ዎከር በመላ ግዛቲቱ ድምፅ በዴሞክራቱ ቶኒ ኤቨርስ ተሸነፈ። በዚያው ቀን ለግዛቲቱ ምክር ቤት ከተሰጠው ድምፅ ዴሞክራቶች ከመቶ 53 ያህሉን አገኙ፤ ከ99 መቀመጫ ግን 63ቱን የወሰዱት ሪፐብሊካኖች ናቸው። እርግጥ የዚህ ሁሉ ምክንያት ካርታው ብቻ አይደለም። ዴሞክራቶች በሚልዋኪና በማዲሰን ከተሞች ተከማችተው ስለሚኖሩ ማንም ሳይነካቸው ራሳቸውን አጭቀዋል። ቢሆንም ያንን ካርታ የተካውን የ2022ቱን ካርታ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2023 መጨረሻ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ሻረው።

ከጌሪ ዘመን የተለየው ነገር መሣሪያው ነው። የ1812ቱ ሰዎች የሚያውቁት የትኛው ከተማ ለማን እንደሚያደላ ነው። ዛሬ ሶፍትዌሩ እያንዳንዱ ሠፈር ባለፉት ምርጫዎች እንዴት እንደመረጠ ስለሚያውቅ በሺህ የሚቆጠሩ ካርታዎችን አውጥቶ የሚሻለውን ይለያል። በዚህ ምክንያት ዛሬ ክልሉ አውሬ መምሰል የለበትም። ቅርጹ ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ የሚመስል ክልል ከጠመዝማዛው የባሰ ሊያደላ ይችላል፤ አንዳንዴ ደግሞ ጠመዝማዛው ወንዝ ወይም ተራራ ተከትሎ የሄደ ይሆናል። ካርታን በመልኩ ብቻ መፍረድ የጋዜጣው ሥዕል ያወረሰን ስሕተት ነው።

መፍትሔ ተብሎ የተሞከረው እስክሪብቶውን ከተመራጮቹ እጅ ማውጣት ነው። አሪዞና በ2000፣ ካሊፎርኒያ ደግሞ በ2008 በሕዝበ ውሳኔ ነፃ ኮሚሽን አቋቁመዋል፤ ካሊፎርኒያ በ2010 የኮንግረስ ክልሎችንም ለኮሚሽኑ ሰጠች። የዚህ ችግሩ አንዱ ግዛት ትጥቁን ሲፈታ ሌላው ታጥቆ መቆየቱ ነው። በ2025 ክረምት ቴክሳስ ቆጠራ እስኪመጣ ሳትጠብቅ፣ ለሪፐብሊካኖች አምስት መቀመጫ ይጨምራል የተባለ ካርታ አወጣች፤ አገረ ገዥው ግሬግ አቦት በኦገስት ፈረመበት። የካሊፎርኒያው አገረ ገዥ ጋቪን ኒውሰም በአጸፋው ለዴሞክራቶች ያንኑ ያህል የሚያስገኝ ካርታ ለሕዝበ ውሳኔ አቀረበ፤ መራጩም ኖቬምበር 4 ቀን አጸደቀው። የካሊፎርኒያ ኮሚሽን ወደ ኮንግረስ ካርታ ሥራው የሚመለሰው ከ2030ው ቆጠራ በኋላ ነው።